ሁለተኛ ምንጭ

ኦክቶበር 26፣ እሑድ

…አለንጋው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እኛም፣ ያኔ ተማሪዎች፣ አንድ በአንድ እየተነሣን የነገሥታት ታሪክ እናነበንባለን፦ ተወለደ፣ ነገሠ፣ ሞተ። መ/ሩ በጣቱ ይጠቁማል እንጂ ስም አይጠራም። የንጉሡ እናት ማን ነበረች ብዬ ብጠይቀው ኖሮ—

አልጠየቅሁም። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። ደረጃውን ስወርድ ይሆናል። አሁን የማስተምርበት ክፍል ሚክላት ውስጥ ነው፤ ከመሬት በታች፣ የብረት በር፣ መስኮት የለውም። ልጆቹ የቦምብ መሸሸጊያ መሆኑን ረስተውታል። እኔ እያንዳንዱን ደረጃ ስረግጥ አስታውሰዋለሁ።

ተማሪዎቼ እዚሁ እስራኤል፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን የተወለዱ ናቸው። ከት/ቤት በኋላ እሑድና ረቡዕ ይመጣሉ። ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓላችን፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ታሪካዊ ሰው ሕይወት ጽፈው በወላጆቻቸው ፊት ያነባሉ። ዛሬ የሚጽፉለትን ሰው መረጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ንግሥቶች፣ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች። ኳስ ተጫዋች አይሆንም አልሁ። ኢታይ፦ «ሞሬ» (በዕብራይስጥ መምህር)፣ «ያንተን መጽሐፍ ስንት ሰው አነበበው? እሱን አገር ያውቀዋል!» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ዘግይቼ።

አድቫ አባ ገረመውን መረጠች። ከአርማጭሆ እስከ ሱዳን ሰዉን በሌሊት እየመራ ያሻገረውን። ከሞተ ቆይቷል፣ የጻፈለት የለም። ደስ አለኝ። ሕጋችንን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፦ አንድ ሰው ብቻ የነገራችሁን አትመኑ። ሁለተኛ ምንጭ ፈልጉ።

ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ

አድቫ ቀድማ ጨርሳለች። ሽኩና አሌፍ ሄዳ አባባ ደሳለኝን አነጋግራለች፤ ከገረመው ጋር አብሮ የተጓዘ ሽማግሌ ነው። የጻፈችው በዕብራይስጥ። ለእኔ ስትል በአማርኛ ለመናገር ትሞክራለች፣ ትደናቀፋለች፣ በራሷ ትስቃለች።

አንዱ አንቀጽ አልለቀቀኝም። አንዲት ትንሽ ልጅ መንገድ ላይ ትታመማለች። እናቷ ሕፃን አዝላ ከፊተኛው ቡድን ጋር አልፋለች። ገረመው ልጅቱን በትከሻው ይሸከማታል። ድንበሩን ሲሻገሩ ትሞታለች። በእጁ ይቀብራታል፤ ወታደር እንዳያይ ድንጋይ እንኳ አያቆምም። ከዚያ፣ ሬሳ ነክቷልና፣ እንደ ሕጋችን ሰባት ቀን ከሰው ይለያል። መንገዱን ግን ከቀረው ቡድን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ብቻውን ይሄዳል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ በፉጨት ይመራቸዋል።

ይህን እኔ በጻፍሁት አልሁ። ቀናሁ ማለት ነው፣ በዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ልጅቱ የማን እንደ ሆነች አልጠየቅሁም። ጠርዙ ላይ በቀይ ጻፍሁላት፦ ሁለተኛ ምንጭ?

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ እናቴ ጋ ደወልሁ። ስለ ፉጨቱ ነገርኋት፣ ደስ ይላታል ብዬ። እሷ ግን፦ «ይቺ የስንዱ ልጅ ብርቱካን ናት። ለስንዱ ማን ነገራት?»

እማማ ስንዱ። ከአድቫ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አውቃታለሁ፤ ባገኘችኝ ቁጥር ከስተሃል ትለኛለች።

ማንም አልነገራትም። ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፑ ስትደርስ ወባ ይዟት ነበር፤ ትዳን አሉ። ስትድን አርግዛ ነበር። ከዚያ ባሏ ሞተ። ከዚያ የልብ ቀዶ ጥገና። ሁልጊዜ ትንሽ ትጠንክር ተባለ። ብርቱካን ካርቱም ሰው አሳድጓት፣ አግብታ፣ ሌላ አገር ሄዳለች አሏት። ማርዳት የሚገባቸው ዘመዶች አንድ በአንድ አለቁ። መርዶ ሲያድር ይከብዳል አለች እናቴ። አባባ ደሳለኝስ ለአድቫ ለምን ነገራት? ለስንዱ አይወራም ብሎ ማስጠንቀቅ አላሰበማ። ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?

አለ። እዚህ የተወለደ ሁሉ አያውቅም።

ወደ ሚክላቱ ሮጥሁ። የአድቫ ወንበር ባዶ። ኢታይ ስልኩን እየነካካ፦ «እማማ ስንዱ ጋ ሄዳለች፣ ሞሬ። የልጅቱ እናት እሷ ናት ብሏታል አባባ ደሳለኝ። አንተ አይደለህ ሁለተኛ ምንጭ ያልሃት?»

እሑድ፣ ማታ

ከሕንጻው ስትወጣ አገኘኋት። ዳቦ እየገመጠች። ሰባባ፣ ግሩም ነው፣ ሞሬ፣ ሁሉም ትክክል ነው አለችኝ። ገረመው ብርቱካንን ቀበረ ወይ ብላ ጠይቃታለች። በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ፣ ፊት ለፊት።

እማማ ስንዱ፦ «አዎ፣ የኔ ልጅ። እሱ ነው የቀበራት።» ጽሑፉን እንደገና አስነብባታለች። ዳቦ ቆርሳ ሰጥታ፣ ግንባሯን ስማ ሸኝታታለች።

አድቫ በደስታ ትዘላለች። ምንም አልነገርኋት። ቀና ብዬ አየሁ፤ የሦስተኛው ፎቅ መስኮት የብረት መጋረጃ እስከ ታች ወርዷል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

እማማ ስንዱ ስልክ አታነሣም። ጎረቤቷ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አዳመጠች፤ የእግር ኮቴ አለ አለችን፣ ልቅሶ የለም። ታውቅ ነበር? ወይስ ሕፃን አረዳቻት ተብሎ አድቫ እንዳታፍር አዎ አለቻት? ሙያዬ የሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ መጻፍ ነው ይባላል። ማስታወሻዬ፣ እዚህ ሆድ ውስጥ ምንም አይታየኝም።

ስንዱ መርዶው ተነግሯት እንደማያውቅ ለአድቫ ነገርኋት። ሌላ ሰው ከሚነግራት ብዬ። አላለቀሰችም። ታዲያ ልዋሽ ነበር? አለች፣ በዕብራይስጥ። ከዚያ፦ አንተ ነህ ሂጂ ያልከኝ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ተከትዬ ልጠራት ነበር። ምን ብዬ?

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ቄሱ ቤት ተሰበሰብን። አንዳንዶቹ ስንዱ አውቃለች፣ ደግሞ ለምን እናቆስላታለን ይላሉ። አንዱ ከረቢ ጠይቆ መጥቷል፦ በረቢዎቹ ሕግ ለቆየ ሞት አንድ ሰዓት ለሐዘን መቀመጥ ይበቃል። ቄሱ ተቆጡ። «ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ሰዓት?» ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ አፍ አውጥቶ ካልነገራት አልተነገራትም። ብቻዋን ስታውቅ አልቅሳ አታውቅም፤ የሚያስለቅሳት ሰው አልመጣማ።

ማን ይናገር? የሥጋ ዘመድ የለም። አባባ ደሳለኝ ድምፄ አይወጣም አለ።  

እኔ እነግራታለሁ አልሁ። ነገ ንጋት።

አድቫ መልእክት ላከች፦ እኔም እመጣለሁ። ልጅ ለመርዶ አይሄድም ብዬ መለስሁላት። አላነበበችውም፤ ወይም አንብባ ተወችው።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

የስንዱ ሕንጻ አሳንሰር ተበላሽቷል። ሽማግሌዎቹና እናቴ በየፎቁ ያርፋሉ። ዐረፍተ ነገሬን ተዘጋጅቻለሁ። አጭር ነው። ሌሊቱን ሁሉ አስተካከልሁት፣ አንድ ቃል አውጥቼ መልሼ አስገባሁ። ለዚህ እንኳ። አፈርሁ።

ሦስተኛ ፎቅ። አድቫ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ የት/ቤት ቦርሳዋን አቅፋ። ቄሱ አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። አባባ ደሳለኝ ብቻ «ተዋት፣ ብርድ ነው» አለ፤ ከብርዱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንጃ።

ቄሱ አንኳኩ። ወዲያው ተከፈተ። በሩ ጀርባ ቆማ ስትጠብቀን የነበረች ይመስላል። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። አንድ በአንድ አየችን፤ ቄሱን፣ አባባ ደሳለኝን፣ እናቴን፣ እኔን። አፌን ከፈትሁ። እጇን አነሣች፤ ተው ማለቷ ነው።

በቄሱና በእኔ መካከል እጇን አሳልፋ የአድቫን ክንድ ያዘች።

«አንቺ ግቢ።»

አድቫ ገባች። በሩ ተዘጋ።