የዘይነባ ኒካህ ምስክር ማን ነበር?

ሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

አጎቴ ሙሄ ስልኩን ከጆሮው አርቆ «ኢንሹራንስ? መኪና ገዛችሁ እንዴ?» እያለ ይጮሃል። ጀማል ከዱባይ ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳው። መኪና አልተገዛም። ኢንሹራንሱ የሚያስፈልጋት እህቴ ዘይነባ ናት። ጀማል ባሏ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሁለቱም እዚያው ይሠራሉ። ዘይነባ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። እዚያ አገር ኢንሹራንስ የሌላት ሴት ሆስፒታል ስትገባ አስቀድማ ትከፍላለች፤ ያውም ባልና ሚስት ዓመት ሠርተው የሚያጠራቅሙትን።

እኔም እንዲገባኝ ልጻፈው። ዘይነባ የምትሠራበት የልብስ ሱቅ ኢንሹራንስ ሰጥቷታል፤ ግን ጉንፋን ከማከም አያልፍም። ወሊድ የለበትም። የጀማል ኩባንያ ግን የሠራተኛ ሚስት ስትወልድ ይከፍላል፣ ሚስት መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት ከመጣ። ወረቀት የለም! ኒካሁ ከሁለት ዓመት በፊት ሐርቡ፣ አያታችን አባባ ቤት ታሰረ፣ በሬ ታረደ፣ ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሙሽሮቹም ወደ ሥራቸው በረሩ። ፍርድ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ኩባንያው ደግሞ የሚስቶችን ዝርዝር የሚያስገባው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ልጁ ተወልዶ መዳህ ሲጀምር ነው።

አባ ምንም አልደነገጠም። «ሁለት ምስክር ይዞ ኮምቦልቻ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውረድ ነው። ምስክር ሞልቶናል!»

እውነቱን ነው። ባለፈው ዒድ እንኳ «የዘይነባ ኒካህ ምስክር እኔ ነኝ» ያሉ ሰባት ሰዎች ቆጥሬያለሁ።

ማክሰኞ

አባ ለሰባቱም ደወለ። ቃዲው ቁርኣን አስይዞ እንደሚያስምል ሲሰሙ፦

አንዱ ያን ቀን ዓይኑን አሞት ነበር።
ሁለቱ ወጥ እያደሉ ነበር።
አንዱ አሁን ሲያስበው ለካስ የሌላ ሰው ሰርግ ነበር የሄደው!
አንዱ «እደውላለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አጎቴ ሙሄና የአባባ ጎረቤት ጋሽ ይመር ቀሩ። የሚፈለገውም ሁለት ነው። አባ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ እኔም አልኩ። እማ አላለችም። የዘይነባን የድሮ ክፍል እየጠረገች ነበር። ፍራሹን ብቻዋን ገልብጣ ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች።

«እንግዳ ይመጣል እንዴ?» አልኳት።

«ቤት አይጸዳም እንዴ?» አለችኝ።

ረቡዕ

ከአባ ጋር ሐርቡ ወረድኩ። እኔ የተፈለግኩት ለስልኩ ነው፤ አባ ፒዲኤፍ ሲባል የበሽታ ስም ይመስለዋል። ከደሴ ሹራብ ለብሼ ወጣሁ፤ ሐርቡ ስንደርስ ሹራቡ ወገቤ ላይ ታስሯል፣ አባ ግን ኮቱን አላወለቀም። ሽማግሌ ለጉዳይ ሲሄድ ኮት አያወልቅም።

ጋሽ ይመር በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አባ ከሰላምታው በኋላ «እንግዲህ ሰኞ ኮምቦልቻ እንገናኝ» አላቸው።

«አልመጣም» አሉ።

«ምነው?»

«አላየሁማ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒካሁ ሊታሰር ሲል ስልካቸው ጮኸ። አባባ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮ ፓፓያው ሥር ብቻ ነው። ሄደው አወሩ። ሲመለሱ ሰው እልል እያለ ነው፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ምስክሩ!» ብሎ ፊት አስቀመጣቸው።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምስክር ነኝ ሲሉ?» አልኩ።

«ሰው ነው ያለኝ። ሰው ሲያከብርሽ ተይ ይባላል?»

«ሥጋው ሲቀርብ ግን ነበሩ።»

አባ ቆነጠጠኝ። ጋሽ ይመር ግን አልተቆጡም። «ሥጋውን በልቻለሁ። ቃዲው ስለ ሥጋው ከጠየቀኝ መጥቼ እምላለሁ።»

ምን ይባላል? ሐቀኛ ሰው ሲያናድድ! አባ ለመናቸው፣ ጉልበታቸውን ሊይዝ ቃጣው። «ወላሂ ስል አላህ ይሰማኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ አታጣላኝ» አሉት። ከዚያ በር ላይ ሲሸኙን፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ባለቤትህም ትናንት ደውላ ካላዩ አይማሉ ብላኛለች» አሉ።

እማ!

አባ ገና ከበሩ ሳንርቅ ኮቱን አወለቀ።

ሐሙስ

እማን ጓዳ ውስጥ ያዝኳት። አባ መጠየቅ ፈርቷል፣ ስለዚህ ሥራው የእኔ ነው።

«ለጋሽ ይመር ደወልሽ?»

«ደወልኩ። ዋሽቻለሁ? አይተዋል እንዴ?»

«እማ!»

«የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ። እኔ ዘይነባን እናቴ ቤት ወለድኩ፣ እናቴም እኔን እናቷ ቤት ወለደች። እዚህ ሆስፒታል አለ፣ እኔ አለሁ፣ አጥሚቱ አለ። እዚያ ማን አላት? ጀማል ሽንኩርት እንኳ መክተፍ አይችልም።»

ስለ ጀማል ያለችው ልክ ነው። የቀረውም ቢሆን የሞኝ ወሬ አይደለም፤ እኔም ዘይነባ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ግን ሱቁ ያን ያህል ፈቃድ አይሰጥም፤ ከመጣች ሥራዋ አለቀ፣ የመኖሪያ ፈቃዷም ከሥራው ጋር። ስትመለስ ደግሞ መመለስ ከቻለች ነው። ይህን ለእማ ነገርኳት። «አላህ ያውቃል» አለችኝ። እማ የምትሸነፍበት ክርክር ላይ ስትደርስ ጉዳዩን ወደ ላይ ታስተላልፋለች።

አመሻሽ ላይ ዘይነባ ደወለች። ድምፁ ለሁላችንም ክፍት ነበር። እማ እንደ ሁልጊዜው «ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለች።

ዘይነባ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረች።

«ዘይኑ፣ ሐኪሙ ምን አለ?»

«አልሄድኩም እማ።»

«በዚህ ሳምንት ነው?»

«ሦስተኛ ወሬ ላይ ነው የሄድኩት። አንድ ጊዜ በታየሁ ቁጥር ይከፈላል። ለመውለጃው ይሁን ብለን ነው። አብሽሪ፣ ደህና ነኝ፣ ይንቀሳቀሳል።»

በየሳምንቱ ስትደውል «ሐኪሙ ጥሩ ነው አለ» ትለን ነበር። የትኛው ሐኪም?

እማ ስልኩን አንስታ ግቢ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ብዙም አታወራም፤ ታዳምጣለች። ስትመለስ ፍራሹን አስገባች፣ አቧራውን ከእጇ አራገፈች፣ አባን «እንግዲህ ምስክር ፈልጉ» አለችው። በዚህ ቤት ትእዛዝ ማለት ይህ ነው።

ዓርብ

የቀረን ምስክር አጎቴ ሙሄ ብቻ ነው። ግማሽ ምስክር ብለው ይሻላል።

እኛ ሴቶቹ ያን ቀን ሌላ ክፍል ነበርን፣ ምንም አላየንም። ቢሆንም ለጀማል ጻፍኩለት። ኒካሁ ሲታሰር ያነሳ ሰው አልነበረም?

መለሰ፦ «ጓደኛዬ ቪዲዮ አንስቶ ነበር እኮ። ስልኬ ላይ አለ።»

«አምስት ቀን ሙሉ ለምን አልነገርከንም!»

«ማን ጠየቀኝ?»

የእህቴን ልጅ አላህ በእናቱ ያውጣው።

ቪዲዮውን ሁላችንም ተሰብስበን አየን። አባና ጀማል እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ ቀና ብለው «ሁለተኛው ምስክር የት ሄደ?» ይላሉ። «መጣ፣ መጣ» ይላል ሰው። አይመጣም (ፓፓያው ሥር ነዋ)። ሼሁ ዞር ዞር ይሉና አጠገባቸው ማይክ የያዘውን፣ አንገቱ ላይ ገመድ የጠመጠመውን ወጣት «አንተ፣ ሙስሊም ነህ አይደል? በል ተቀመጥ፣ ልብ ብለህ ስማ» ይሉታል። ይቀመጣል። ኒካሁ ይታሰራል። አለቀ። ስሙን እንኳ ያወቀ የለም።

አጎቴ ሙሄ በቪዲዮው ፊት ለፊት አለ፤ መቁጠሪያውን እንደያዘ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ዱዓ ላይ ነበርኩ» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«መቁጠሪያው ግን አልተንቀሳቀሰም፣ አጎቴ» አልኩት።

«በልብ ነው የምቆጥረው!»

እማ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ተቀብላ አራት ጊዜ አየችው። ከዚያ «ማይክ ያከራየንን ልጅ አውቀዋለሁ» አለች። «በዋጋው የተጨቃጨቅኩት እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ ነው ሱቁ።»

ቅዳሜ

እማና እኔ ኮምቦልቻ ወረድን። ሱቁ የነበረበት ቦታ አሁን ጫማ ይሸጣል። የጫማው ሰው ወደ ባጃጅ ማቆሚያው ላከን፣ የባጃጁ ልጅ ወደ መስጊዱ ጀርባ፣ እዚያ ያለ ልብስ ሰፊ መልሶ ወደ ባጃጅ ማቆሚያው። እማ አንድም ጊዜ «ደከመኝ» አላለችም፤ እኔ ሁለቴ ብያለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠባብ የስልክ መጠገኛ ውስጥ አገኘነው። አብዱ ይባላል።

ቪዲዮውን አሳየሁት። «እኔ ነኝ! ፀጉሬን እዩት፣ ያኔ ፀጉር ነበረኝ!»

እማ በጥንቃቄ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው፣ ነገሩን አስረዳችው። ቃዲው ፊት ያየኸውን ትምላለህ?

«ለምን አልምልም እትዬ? ከማንም በላይ የሰማሁ እኔ ነኝ። ሙሽራው ተቀብያለሁ ሲል ድምፁ ሰለለበት፣ ከፍ ያደረግኩለት እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ እያፈረ «ምሳ ግን አልሰጣችሁኝም» አለ።

እማ ደረቷን ያዘች። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ የደነገጠችበትን ቀን አላስታውስም፤ የኢንሹራንሱም ዜና ይህን ያህል አላስደነገጣትም። ሰርጋችን ላይ የሠራ ሰው ጦሙን ሄደ! ያልመሰከሩት ሥጋ በልተዋል፣ የመሰከረው አልበላም። ሱቁን አዘጋችው። ምግብ ቤት ወስዳ አስቀመጠችው፣ ጥብሱን አዘዘች፣ «ድገም» አለች፣ ደግሞ አዘዘች። ሁለት ዓመት ያረፈደ የሰርግ ምሳ በልቶ ሲጨርስ «ሰኞ ጠዋት በር ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለ።

ስንመለስ «አፉ በለን፣ ይቅር በለን ስለው አፉ አለኝ?» ስትል ጠየቀችኝ።  እሱ «አፉ» ብሏል። ነገርኳት።

እሑድ

ብዙ ነገር የለም። አጎቴ ሙሄ መሐላ ሲለማመድ ዋለ። ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚለማመደው። አብዱ ነገ ባይመጣስ? ቃዲው ጉዳይ ገጥሟቸው ቢቀሩስ? እማን ዘይነባ ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ምንም አልቀለድኩም።

ሰኞ

አብዱ ከእኛ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ!

ቃዲው አጎቴ ሙሄን መጀመሪያ ጠሩ። «ያየኸውን ተናገር» ሲሉት ከቅድመ አያታችን ጀመረ። «ኒካሁን» አሉት። ሰርጉ የዋለበት ዕለት ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ነገራቸው። «ቃሉን በጆሮህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ወላሂ።» ይህስ እውነት ነው። ጆሮ አይጨፈንም።

አብዱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። ማን ዳረ፣ ማን ተቀበለ፣ መህሩ፣ ለሙሽራዋ የተሰጠው ጥሎሽ፣ ምን ነበር። መህሩ ወርቅ ከአንድ ቁርኣን ጋር ነው። አጎቴ ሙሄ «እሱን ልል ነበር» አለ። ቃዲው በጺማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ፤ ይካዱ።

ልክ ሊታተም ሲል መብራት ጠፋ። ቁጭ አልን። አባ ኮቱን ለብሶ ላብ በላብ ሆነ። መብራቱ ከቀትር በኋላ መጣ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ ማህተሙ አረፈበት። ደረጃው ላይ ፎቶ አንስቼ ፒዲኤፍ አድርጌ ለጀማል ላክሁ። ዋናውን አባ ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ የሚመታበት ሌላ ማህተም አለ። ጀማል ግን ለዝርዝሩ ኮፒው ይበቃል ብሎኛል። ይበቃል ብሎ ነው እንግዲህ። ጀማል ነው ያለው።

ማክሰኞ

ትምህርት ቤት ስልክ ክልክል ነው። ካልሲዬ ውስጥ ነበር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነዘረኝ፣ እግሬን የማክክ መስዬ አየሁት። «ገብቷል። ተቀብለዋል።» ከጀማል። መምህሩ ለምን እንደምስቅ ጠየቁኝ። «ሒሳቡ ገባኝ» አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው፣ ምስኪን።

ከሰዓት ዘይነባ ፎቶ ላከች። ክሊኒክ መጠበቂያ ወንበር ላይ ናት፣ ተራ ቁጥሯን ይዛ። ፊቷ ከስቷል፣ ሆዷ ግን ወጥቷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ደህና ነው፣ የኔ ደም ትንሽ አንሷል፣ መድኃኒት ሰጡኝ» ብላ ጻፈች። እማ ሁለቴ አስነበበችኝ። «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» አለች። አላወቅኩም። ቀጠሮዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አሁን በየጊዜው ትሄዳለች፤ ይህንን ቢያንስ እናውቃለን።

እማ ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ብዙ ቆየች። አልቅሳ ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ፤ አላለቀሰችም።

«ለፓስፖርት ፎቶ ጆሮ ይታያል ይላሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«የማን ፓስፖርት?»

«እሷ ካልመጣች ታዲያ! አራት ወር አለ። ሴት ልጅ ብቻዋን ትውለድ?»

ቪዛ ያገኙላት እንደሆን አላውቅም፣ ጀማልም አያውቅም። አባ ገና አልሰማም። ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ የመኪናውን ወንበር ብረት የምትይዝ ሴት በሰማይ ስትሄድ ታየኝ። እሷ ግን ሻሿን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ፣ ከግድግዳው ተጠግታ ቆማለች።

«እስቲ አንሺኝ፣ ልየው።»

ሦስት አነሳኋት። በሦስቱም እየሳቀች ነው። ለፓስፖርት መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ እንጃ።