ቦይለር ክፍል ውስጥ ስለሚበርዳቸው ሰዎች

ለተከበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ለልብዎ፣ ለሳንባዎ፣ በተለይም ደረጃ ለሚወርዱበት ጉልበትዎ። የቢሮዎ መስኮት አዲስ መስታወት እንደተገጠመለት ስሰማም ደስ ብሎኛል። እኔ፣ ምናልባት ካስታወሱኝ፣ እስካለፈው ወር ድረስ የቦይለር ክፍሉ ኃላፊ የነበርኩት፣ አሁን ደግሞ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል «የሴቶች ጉዳይ» የሚል ጽሑፍ በሬ ላይ ተለጥፎልኝ የተቀመጥኩት መሐንዲስ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ሁሉ ጠረጴዛዎ ላይ እንቅልፍ ስለጣለው ነው።

አንደኛ፦ ከኃላፊነቴ ያነሡኝ ዕለት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስላደረጉልኝ ንግግር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «እህታችን ጎበዝ ናት፤ ትምህርቷም አያጠያይቅም፤ ግን ቦይለር በለስላሳ እጅ አይገዛም» አሉ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» ብሎ ሲጮህም አብረው ሳቁ። ጥፋቴም እዚያው ተነገረኝ። ጥፋቴ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ፈራሁ» የምትል።

በእኔ ጊዜ ከክፍሉ ሠራተኞች ማንም ይሁን ማን «ፈራሁ» ካለ ሥራ ይቆማል፤ እሳቱ ይቀነሳል፤ ምን እንዳስፈራው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። ያስተማረችኝ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ልጆች ሳለን ከመካከላችን አንዱ «ፈራሁ» ካለ፣ እሷ መጀመሪያ መብራት ታበራ ነበር፤ «ምን ሆንክ? ምን አየህ?» የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። በጨለማ ውስጥ የቆመን ልጅ «ጀግና ሁን» ብላ አታውቅም። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ አፈሩ፤ ስለዚህ እኔው ቀደምኩ። አንድ ጠዋት የግፊት መለኪያው ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ «ፈራሁ» አልኩ፤ ሲፈተሽ መለኪያው የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው እሳት ጠባቂ፣ «እኔ እኮ ሚስቴንም ቦይለሩንም ስፈራ ነው የኖርኩት፤ የሚሰማኝ አለቃ አጥቼ ነው እንጂ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት።

ክቡርነትዎ ግን ይህንን ሲሰሙ «ፈሪ ለናቱ!» አሉ። እውነትዎን ነው። ፈሪ ለናቱ ነው፤ ማታ በሁለት እግሩ ሄዶ በሯን ያንኳኳላታል።

ሁለተኛ፦ በእኔ ቦታ፣ ሠራተኛው «አይፈሬ» እያለ የሚጠራውን ኃላፊ ስለሾሙልን ከልብ አመሰግናለሁ። አይፈሬ ሥራውን የጀመረው «በዚህ ክፍል ውስጥ ፈራሁ ያለ ወደ ቤቱ ይሸኛል» የሚል ማስታወቂያ በመለጠፍ ነው። ሰው ግን በማስታወቂያ መፍራቱን አይተውም፤ ቃሉን ይቀይራል እንጂ። ስለዚህ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ የተጣበቀ ሰዎች፣ ከሚንቀለቀል እሳት ፊት ቆመው «በረደኝ» መባባል ጀመሩ። «ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ነው?» «ኧረ ልጄ፣ በረደኝ! አጥንቴ ድረስ!» ትርጉሙን ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአይፈሬ በስተቀር።

ባለፈው ሐሙስ የመለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር ሲነካ፣ ሠራተኞቹ በአንድ አፍ «በረደን!» ብለው ጮኹ። አይፈሬም፣ መቼም ለሠራተኛ አሳቢ ነውና፣ «ታዲያ ምነው ቀድማችሁ አትናገሩም? እሳት ጨምሩ!» ብሎ አዘዘ፤ እነሱ እምቢ ቢሉት በገዛ እጁ ጨመረው። የተከተለውን ያውቁታል። የእንፋሎቱ ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ተፈነቀለ፤ የጋሼ ክንድ እስከ ክርናቸው ተላጠ፤ የእርስዎም መስታወት ረገፈ። ሐኪም ቤት ልጠይቃቸው ስሄድ ጋሼ ከብርድ ልብሱ ሥር እየተንዘፈዘፉ «አሁንስ የእውነት በረደኝ» አሉኝ። ልስቅላቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሦስተኛው ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ቦይለር ግፊት ሲበዛበት በራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለው፤ ሲያስተነፍስ በኃይል ያፏጫል። አይፈሬ «ፉጨቱ ሰው ያስደነግጣል፤ እንፋሎትም ያባክናል» ብሎ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። እኔን ዝም ባሰኛችሁበት ሰሞን እሱንም ዝም አሰኛችሁት። ቧንቧው ተበይዷል፤ ሽቦው ግን እንደታሰረ ነው፤ ቦይለሩም ሰኞ ጠዋት ይለኮሳል። ይህን ልነግርዎ ቢሮዎ ስገባ «አይ እህቴ፣ እናንተ ሴቶች ስትባሉ ነገር ታጋንናላችሁ» ብለው ውሃ አስቀዱልኝ። ስለ ውሃው አመሰግናለሁ። በዚያውም ሰኞ ለሚመጡት እንግዶች «ሴቶችን ወደ አመራር እናምጣ» የሚል ጨርቅ አጽፌ እንዳሰቅል አዘዙኝ። ጨርቁ ደርሷል፤ ፊደሉም ያምራል። የሚሰቀልበት ቦታ ብሎ አይፈሬ የመረጠልኝ የቦይለር ክፍሉን ግድግዳ ነው።

ከዚያ ግድግዳ ማዶ ማቅለሚያ ክፍሉ አለ። ለግድግዳው በጣም ቀርባ ቆማ ጨርቅ የምትነክረው ሴት ደግሞ ያችው መብራት የምታበራው አክስቴ ናት። ሰኞ እንዳትገባ ለመንኳት። «ብቀር ያባርሩኛል፤ አንቺም ምላስሽን ሰብስቢ፤ የዕለት ጉርሳችን ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ቀለም የበላውን ጣቷን እያሻሸች፣ «ለመሆኑ ግድግዳው ወፍራም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መሐንዲስ ነኝ፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ወንበሬን እንዲመልሱልኝ አይደለም። ሽቦው ይፈታ፤ ቫልቩ ይተንፍስ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ስለዚህ ደብዳቤ እንደሚያባርሩኝ እፈራለሁ፤ በእኔ ጦስ አክስቴን እንደሚያባርሩም እፈራለሁ፤ ሰኞን ግን ከሁሉም አብልጬ እፈራለሁ። ፍርሃት አይመራኝም ብዬ አልፎክርም። ይመራኛል፤ ሰኞ ማለዳም የሚመራኝ ወደ ፋብሪካው ዋና በር ነው። እዚያ ቆሜ፣ ለሚገባው ፈረቃ ሁሉ፣ የተከለከለችውን ቃል ጉሮሮዬ እስኪነቃ እናገራታለሁ። ማስታወቂያው «በዚህ ክፍል ውስጥ» ይላል እንጂ በር ላይ አይልም።

ለክቡርነትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት፣ ከእሱም ከሚጠልቀው ፍርሃቴ ጋር፣

ከደረጃው ሥር
የቀድሞዋ የቦይለር ክፍል ኃላፊ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ሐሙስ ዕለት መስታወቱ ሲረግፍ፣ ደረጃውን ሦስት አራቱን እየዘለሉ በክፍሌ ደጃፍ ሲያልፉ ድምፅዎን ሰምቻለሁ። «ኧረ እናቴ! እናቴ ድረሽልኝ!» ይሉ ነበር። አልሳቅኩብዎትም። በሬን ከፍቼ የደረጃውን መብራት አበራሁልዎ፤ ከዚያም እርስዎ ወደ ግቢው ሲሮጡ እኔ ወደ ቦይለሩ ሮጬ እሳቱን አጠፋሁት። ሰኞ ግን ከበሩ ውጭ ስለምሆን አልደርስልዎትም፤ ሽቦውን አስቀድመው ቢያስፈቱት ለእናትዎም ይሻላቸዋል።