ቆሮሶዋ አፏን የከፈተች ዕለት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

ገደለው። ከገበያ ስመለስ ትንሹ ወንድ ዓሣ ጎኑ ተቦጫጭቆ፣ ጭራው ተበጣጥሶ ውኃው ላይ ተንሳፍፏል። ትልቁ ወንድ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ከታች አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ይቆፍራል።

ግቢው በአድማ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሦስቱን የቆሮሶ ዓሦች ከዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ኮልፌ ወዳለው ቤታችን ያመጣኋቸው የሚያያቸው ሰው ስለሌለ ነው። አሁን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቀሩኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ በእነዚህ ላይ ነው፤ የቆሮሶ ጠብና መጠናናት። ጠቡን አየሁ። መጠናናቱን እንጃ።

መምህሬ ዶክተር ኤፍሬም ገና ስጀምር ነግረውኛል፦ «አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ በጠባብ ገንዳ ቆሮሶ አይራባም። ዓሣ ይጣላል ብለሽ ብቻ ብትጽፊ ማን ያነብልሻል?» ግቢው ሲከፈት ውጤት ካላሳየሁ እሳቸው የመረጡልኝን ርዕስ እወስዳለሁ። ፎርማሊን ውስጥ የተዘፈዘፉ እንቁራሪቶች መለካት።

አባባ የሞተውን አዩና «ይሄንንስ ጠብሰን በልተነው ቢሆን» አሉ። ተናደድኩ፤ ደግሞ ሳቄ መጣ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

የውኃው ሙቀት ሃያ ስድስት ዲግሪ። ደህና ነው። ከገንዳው ጎን የሰቀልኩት አምፖል ሠርቷል። አየሩንም አባባ ችለውታል፦ አየር ጤና ሰፈር ጎሚስታ ስለሆኑ በየማለዳው አንድ የጭነት መኪና ጎማ ከመነዳሪ ጢም አድርገው ነፍተው ይተዉልኛል፤ ከአፉ ላይ ያሰርነው ቀጭን ጎማ ቀኑን ሙሉ ውኃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

ወንዱ ግን ሴቷን መውጫ መግቢያ አሳጣት። ክንፏ ተቀዷል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ወንፊት ሊዋሱ መጥተው ቆመው ቀሩ። «ምን ዓይነት ባል ነው ይሄ! አውጫት እንጂ ልጄ!»

ላወጣት እጄን ሰድጄ መለስኩት። ካወጣኋት ምን አጠናለሁ? ካላወጣኋትስ ብትሞት? የተሰበረ ማሰሮ ጥጉ ላይ አጋድሜ አስገባሁላት። ወዲያው ገባችበት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 13

ከጠዋት እስከ ምሳ ዱካ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ዋልኩ። ወገቤ ተቆርጧል። ግን አገኘሁት መሰለኝ።

ወንዱ ወደ እሷ ሲወረወር ሁልጊዜ አመጣጡ አንድ ነው። ፍጥነቱ ያው፣ የክንፉ አነሳስ ያው። ከሸሸች ይነክሳታል። ካልሸሸች፣ ክንፏን ሰብስባ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ከቆመች፣ እሱም ድንገት ይቆማል። ጎኑን ያሳያታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ጭራውን እያወዛወዘ ወደ ቆፈረው ጉድጓድ ይመራታል።

አጀማመሩ አንድ ነው! ጠቡንና መጠናናቱን የሚለየው የእሷ መልስ ነው። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቀጥሎ ደግሞ ጥርጣሬ ገባኝ። የምፈልገውን እያየሁ ቢሆንስ? የፊት መስታወቴን ገንዳው ውስጥ አቆምኩለት። መስታወት ውስጥ ያለው ዓሣ አይሸሽም፣ ዝቅም አይልም፤ ክንፉን ዘርግቶ መልሶ ይመጣል። ወንዱ አበደ። አፉ እስኪላጥ መስታወቱን ነከሰው። ቶሎ አነሳሁት። አሳዘነኝ፤ ግን መልሱ ጠብ ሲሆን ጠብ ብቻ እንደሚሆን ታየ፤ ተጻፈ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ጣለች! ዕንቁላል ጣለች!

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። የወንዱ ጉሮሮ ቀልቷል፣ ሰውነቱ ጠቁሯል። እሷ በራሷ ጊዜ ከማሰሮው ወጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ዞሩ፣ ዞሩ። ከዚያ ቢጫ ቢጫ ፍሬዎች። ወዲያው ዘወር ብላ አንድ በአንድ በአፏ ለቀመቻቸው።

ጮህኩ መሰለኝ፣ አባባ እየሮጡ ገቡ።

«በላቻቸው?»

«አልበላችም አባባ። እዚያው አፏ ውስጥ ልትፈለፍላቸው ነው።»

አባባ ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሥራ አልሄዱም። እኔ እስከማውቀው እንዲህ አርፍደው አያውቁም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ወንዱ እንደገና ያባርራት ጀመር። እሷ አሁን አፏ ሙሉ ነው፤ ብትነከስም አትነክስም። ከደነገጠች ትተፋቸዋለች። ወንዱን አውጥቼ ልብስ ማጠቢያው ባኞ ውስጥ አደረግሁት። ቀለሙ ባንድ ጊዜ ገረጣ፤ ያ ሁሉ ጉራ የት ገባ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 19

አራት ቀን ሙሉ ምንም አልበላችም። ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ገላዋ ቀጭን።

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። የውኃው ሙቀት ይወርድ ጀመር፦ ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አንድ። በጠርሙስ ሙቅ ውኃ እየሞላሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፈፍኩ። እትዬ ጥሩነሽ ጀበናቸውን፣ ድስታቸውን፣ ያላቸውን ሁሉ ጥደው እየቀዱ ያመላልሱልኝ ጀመር። «ነፍሰ ጡር እኮ ናት!» ይላሉ፣ መንገድ ላይ ለሚያዩት ሁሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ተቃቀፍን።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 25

ዶክተር ኤፍሬም መጡ። ከሱቅ ስልክ ደውዬላቸው ነበር። ፎልክሳቸውን በር ላይ አቁመው፣ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ታማለች። ከመሞቷ በፊት ፎርማሊን ውስጥ እናስገባት፤ ቢያንስ ሆዷን ከፍተን እናያለን።» ማሰሮ የሚያህል ብልቃጥ ይዘዋል።

እሳቸውን እምቢ ብዬ አላውቅም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሰጥም። አልታመመችም። ዕንቁላል ይዛ ነው።»

«አይተሻል?»

«ስትለቅም አይቻለሁ። ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፌአለሁ።»

ደብተሬን ቆመው ያነቡ ጀመር። ቀጥሎ ተቀመጡ። ሁለቴ ያሰመርኩበት ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ሴቷን አዩ፣ ተመልሰው አነበቡ።

«ግቢው ሰኞ ይከፈታል። እስከዚያ እጠብቃለሁ።» ብልቃጡን ይዘው ወጡ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 27

አፏን ከፈተች።

እንደ ጭስ ብን ብለው ወጡ። ዓይን ብቻ ይመስላሉ። እስከ ስልሳ ድረስ ቆጥሬ ጠፋብኝ። ጥላዬ ገንዳው ላይ ሲያርፍ አፏን ከፈት አደረገች፤ ሁሉም ተግተልትለው ተመልሰው ገቡ! እንደገና ወጡ።

አባባ አዩና ወጥተው ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ደንበኞች አስከትለው ተመለሱ። አንደኛው መኪናውን በክሪክ እንዳንጠለጠለ ትቶ የመጣ ሾፌር ነው። «ልጄ ናት ያወቀችው» ይላሉ አባባ። «መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ እዚህ ዱካ ላይ ተቀምጣ።»

ሰኞ፣ ሚያዝያ 29

ደብተሩን ለዶክተር ኤፍሬም አሳየኋቸው፤ ጫጩቶቹንም በጠርሙስ። «እኔ አይራባም ብዬሽ ነበር» አሉ። «ተሳስቻለሁ። ጻፊው።» ከቢሮው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ አባባ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ረቂቅ ባማርኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው አላቋረጡኝም።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ካልሸሸች አይነክሳትም ብለሻል። ግን እንዲያ ስትሸሽ የከረመች፣ በኋላ ምን አይታ ነው ቆማ የጠበቀችው?»

ደብተሩን አገላበጥኩ። የወንዱን ክንፍ፣ ቀለም፣ ጉድጓድ ሁሉ ጽፌአለሁ። እሷ ምን አይታ እንደቆመች ግን ምንም።

«አላውቅም አባባ።»

«እንግዲያውስ እሱንም ጻፊው። እንደማታውቂው።»

ጥያቄያቸውን የጽሑፉ መጨረሻ ላይ እንዳለ አስገባሁት። ከሥሩም የአባባን ሙሉ ስም።