ዝናብ ሸሽቼ የገባሁበት ቤት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ገላና፣ ቴፒ።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ቅቤ አናቴ ላይ ካረፈባት ደቂቃ በመጀመሬ አትቀየመኝ። ከዝናብ ሮጬ የማላውቀው ቤት ገብቼ፣ ምሰሶውን ተደግፌ ነጠላዬን ስጨምቅ፣ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ መሐል አናቴ ላይ ቅቤ ለጠፈችብኝ። ሌሎቹ ሴቶች እልል አሉ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው።

አሁን ሰላም ልበልህ። እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ? እናታችንስ፣ ጉልበቷ የቴፒን ጭቃ ቻለው? መገርቱ፣ ልጆቹ፣ ቡናችሁ እንዴት ናቸው? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ግን አልልህም።

ነመራን ታስታውሰዋለህ፤ ከእኔ ጋር ወሊሶ የሚያስተምረው፣ ዐምና ሽማግሌ ልኮብህ "መጀመሪያ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትጨርስ" ብለህ የመለስከው። እኔም ጠብቀኝ ብዬው፣ እሺ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ "ሐዋሳ ለትምህርት ከመሄድሽ በፊት የወንጪን ሐይቅ ዞረን ማታ እንመለስ" አለኝ። ማለዳ ከአፋፉ ቁልቁል ወረድን። ቀኑ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽህም። ከአንድ ኪስ ቆሎ እየዘገንን፣ ፍል ውኃው ውስጥ እግራችንን እየነከርን ሄድን። እኔ ፈጠን ስል "ምን ያጣድፍሻል? ሐይቁ ጥሎን አይሄድ!" እያለ ያስቀምጠኛል። ቀስ ማለቱ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ለካ ሴቶቹ እናቱ ቤት እስኪሰበሰቡ ነው።

ዙሩን ልንጨርስ ስንል ዝናቡ ወረደ። እሱ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ብሎ "ያ የዘመዶቼ ቤት ነው፤ አንቺ ቅደሚ፣ ተጠለዪ" አለኝ። ቀደምኩ። ቤቱ የእናቱ ነበር። አሴናን አንተም እኔም እናውቃለን፤ ሴት ልጅ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይመራት፣ ብቻዋን የወንዱ ቤት ገብታ ከምሰሶው ሥር ከተገኘች "አግቡኝ ብላ መጣች" ነው። ተቀበልንሽ ብለው ቅቤ ይቀቧታል እንጂ አትባረርም፤ ወገኖቿም ከዚያ ወዲያ የሚሉት የለም። እናታችን ስንት ጊዜ አውርታልናለች! እኔ ግን የድሮ ወሬ እንጂ የእኔን እግር የሚጠብቅ ወጥመድ አልመሰለኝም።

"ምን እያደረጋችሁኝ ነው?" ስላቸው እናቱ አዴ ዲንቄ "እኛ ምን አደረግን ልጄ? በገዛ እግርሽ መጣሽ!" አሉኝ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ "የተማረች ምራት እንዲህ ናት፤ ሽማግሌ አታደክም፣ ራሷን ታደርሳለች!" ብላ ሳቀች። እኔም "ያመጣኝ ዝናቡ ነው፤ ምራት ካማራችሁ ደመናውን ለምኑ" አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "አፍ አላት! ቤት የምታቆም ናት!" አሉ። ቁጣዬን እንኳ የሙሽራ ወግ አድርገው ቆጠሩልኝ። ነመራ ዘግይቶ ገባ፤ ዐይኔን አላየም። "ተምረሽ ብትመለሺ እኔን መልሰሽ ታይኛለሽ?" አለኝ። ያን ቀን ሁሉ ሲያየኝ ውሎ የፈራው ይህን ነው።

ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ማንም አላሰረኝም፤ በሩ ክፍት ነው። ስልኬን "ሙሽራ ስልክ አትነካም" ብለው ወስደውብኛል። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሁለት ሴቶች ይከተሉኛል። ትናንት ጥያቸው ሽቅብ ወጣሁ፤ መንገዱ ላይ ፈረስ የሚያከራዩት ሁሉ የአጎቱ ልጆች ናቸው። "ምራታችን፣ አንቺማ በእግርሽ አትደክሚም!" ብለው በክብር ፈረስ ላይ አውጥተው መለሱኝ። ዙሪያዬ ገደል፣ ከታች ሐይቅ፣ ከላይ አክብሮት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ጧት ግን ቅቤውን በፍል ውኃ ታጥቤ ገባሁ። አዴ ዲንቄ "ምነው ልጄ!" ብለው አፋቸውን ያዙ። በዚያው ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ፀጉሬን አደረቅሁ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከዚህ ይነሣሉ። እርጥብ ሣር ይዘው "ልጃችሁ ቤታችን ገብታለች፣ ታረቁን" ይሉሃል። ሣሩን ከተቀበልክ አለቀልኝ፤ ከአባታችን በኋላ የሚጸናው ያንተ ቃል ነው። የሽማግሌ ፊት እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ቢሆንም "እህቴ አልገባችም፣ አታላችሁ አስገባችኋት" በላቸው። የሐዋሳ ምዝገባ መስከረም 30 ያበቃል። እኔ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ በእግሬ እወጣለሁ። ፈረስ ቢያቀርቡልኝ አልቀመጥም፤ ቢጎትቱኝ እጮኻለሁ። ይህን ወረቀት ቆጮ ነጋዴዋ ሶሬ በእንሰት ቅጠል ሸፍና ወሊሶ አውርዳ ለቴፒ አውቶቡስ ሹፌር ትሰጥልኛለች።

እናታችንን ሁለቱን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስታነብላት የቅቤውን ነገር ቀስ ብለህ ንገራት። መገርቱን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ሮባ ፍየሎቹን እንዳያሳድድ፣ ሲፈን ደግሞ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ አክስታችሁ ብላለች በላቸው።

ወንድም ጋሼ፣ እወድሃለሁ፣ አከብርሃለሁ። ከእንግዲህ ግን እኔ ሳልናገር ስለ እኔ የሚባል እሺ አልቀበልም፤ ከነመራም፣ ከሽማግሌም፣ ካንተም።

እህትህ ኩለኒ
ወንጪ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.