ማን ያሸክመኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዛሬስ ወላሂ አንጀቴን አሳረሩት። እኔና ሰይድ ከመኪና ላይ ዕቃ እያወረድን ለየሱቁ ማድረስ ከጀመርን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። እሱ እኔን ያሸክመኛል፣ እኔ እሱን አሸክመዋለሁ። ኩንታል ብቻውን አንስቶ ጀርባው ላይ የሚያወጣ ሰው በመካነ ሰላም እስካሁን አላየሁም።

የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወዲህ እኔ ነባሩ ውስጥ ቀረሁ፤ ሰይድ ና ግባ ያሉትን አጎቱን እምቢ ማለት አፍሮ አዲሱ ውስጥ ገባ። ሁለቱም የሠራተኛው ወኪል እኛ ነን ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለቱም ከሌላው ማኅበር ሰው ጋር አብሮ መሥራት ከለከሉ።

የስኳር መኪና ሲመጣ ሁለቱ ሊቀ መንበሮች መኪናው የኛ ነው፣ የኛ ነው ተባብለው ሲጨቃጨቁ ቆዩና ግማሽ ግማሽ ተካፈሉት። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው። እኔ በኔ ኩንታል አጠገብ፣ ሰይድ በሱ ኩንታል አጠገብ ተገትረን ቀረን።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ያሸክሙኝ» አልኳቸው የኛን ሊቀ መንበር።

«እኔ እኮ አመራር ነኝ» አሉኝ።

ሰይድ ሳቁ መጣ። «ና ጎንበስ በል ወንድሜ» ብሎ አሸከመኝ። ሱቅ አድርሼ ስመለስ የማኅበር መታወቂያውን በሊቀ መንበሩ ተቀምቶ ኩንታሉ ላይ ተቀምጧል።

የኔው ሊቀ መንበር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አየህ፣ አንድ ሰው ቀነስንባቸው!» አሉኝ።

የቀረውን ስኳር ማን እንደሚያሸክመኝ ግን አልነገሩኝም።