ያልሰረዝሽው ዓረፍተ ነገር

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለጉንዳኔ፣

ከራስሽ የሚበልጥ ነገር ስትጎትቺ ላደግሽው የልጅ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ እኔን መቆጣት ሳይስማማት አልቀረም፣ ወፍራለች። እንዲህ ማለቴን እንዳትነግሪያት። ፊደሎቼ ዱባ ዱባ የሚያክሉት መስመር እንዳልስት ነው። ግራ ዓይኔ ጡረታ ወጥቷል፤ ቀኙ ገና ሥራ ላይ ነው፣ እሱም አርፍዶ መግባት ጀምሯል።

በምርምር ገንዘቡ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ማለፍሽን ሰምቼ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ማለት ገንዘቡ ከጓዳ የሚወጣበት ቤት ይመስለኝ ነበር። ለካ የምርምሩ ግማሽ የገንዘብ ፍለጋ ነው። አንዱ የገንዘብ ድጋፍ ጥሪ ለነባር ፕሮፌሰሮች ብቻ፣ አንዱ ለልጆች በሽታ ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ትናንት የተዘጋ። የጠፋ ካልሲሽን እንኳ አልጋ ሥር ጎንበስ ብለሽ የማትፈልጊ ልጅ፣ የምርምር ቢሮው ደጃፍ ላይ እንደ ዘበኛ ቆመሽ መዋልሽን ስሰማ፣ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት አልኩ። በመጨረሻ የዓይን በሽታውን ጥሪ አገኘሽ፤ ያውም ኃላፊሽ «ለአንቺ ገና ነው» ያለሽን።

የማመልከቻሽን ማጠቃለያ ሙያው የሌለው ሰው ሊረዳው ይገባል ብለሽ ለእኔ ስትልኪ፣ በሙያ የለሽነት መመረጤ አኩርቶኛል። ዓይኔ ስለማይበቃ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወሰድኩት። ፎጣውን አንገቴ ላይ አስሮ፣ ግማሽ ፀጉሬን ከቆረጠ በኋላ ጮክ ብሎ አነበበው። ወረፋ የሚጠብቀው ጡረተኛ ሾፌር ሁለተኛው መስመር ላይ አንቀላፋ። መጨረሻው ላይ ግን ነቃ። «ይህ ጥናት በሽታውን ቀድሞ ለማወቅ ይረዳል፤ አንዴ የጠፋን የዓይን ብርሃን ግን አይመልስም» ይላል።

«አባቴ፣ ይቺን መስመር ትሰርዛት» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ በሬ ላይ ‹እዚህ የተቆረጠ አያምርበትም› ብዬ ብለጥፍ ማን ይገባል?»

«ይመልሳል ትበል እንጂ» አለ ሾፌሩ። «ገንዘቡን ትቀበልና ቀስ ብላ ትመልሳለች።»

እዚያው ተቀምጬ ደወልኩልሽ። ሰርዢው አልኩሽ። ቢያንስ «ምናልባት» በዪበት አልኩሽ። ትስቂያለሽ ብዬ ነበር፤ አልሳቅሽም።

«አባባ፣ ምናልባትም የለበትም» አልሽኝ። «ብሰርዘው የሚያነበው ሰው ይጠብቃል። ከዚያ መጠበቁን ማን ያስተወዋል?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትዪ ነበር። አልተቋረጠም። ፀጉር አስተካካዩ ፊቴን እየጠረገልኝ ስለነበር ነው።

ብዙ አዋቂ አይቻለሁ፤ አላውቅም የሚል አዋቂ ግን ጥቂት ነው። ገንዘብ እየጠየቀ «ይሄን አልችልም» ብሎ የሚጽፍ ደግሞ ከአንቺ ሌላ አላየሁም። ግትርነቱ ከእናትሽ ነው እንዳልል፣ እናትሽ የእኔው ልጅ ናት።

ገንዘቡ ካልተገኘ የምትመራመሪበትን ማሽን ለሌላ ክፍል እንደሚሰጡት፣ ምርምሩም እዚያው ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። ስለዚህ ስሚኝ። ሰኞ ለቃለ መጠይቁ ስትቀርቢ ገምጋሚዎቹ «ዓይናቸው ለጠፋባቸውስ ምን አለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ አትንተባተቢ፣ ወለል ወለሉንም አትዪ። ለእኔ በነገርሽኝ ድምፅ ንገሪያቸው። ይከብዳቸዋል ብለሽ አትሳሺላቸው። እኔ ግማሽ ፀጉሬን ተቆርጬ ሰምቼዋለሁ፤ ቀሪውን አስጨርሼ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ።

አንደበትሽ አይያዝ፣ እግርሽ አይሰናከል። የደከምሽበት ይቅናሽ። ከኋላ የሚመጡት ሰዎች ዓይን በአንቺ ይትረፍ።

አያትሽ