ሁዳዴን የጾሙ ዓሦች

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ኪዳን፤
ቢቸና።

እንደምን ከረሙ አባባ? ጉልበትዎ ለማኅሌቱ ይታዘዝልዎታል? ያ ክፉ ሳልስ ተወዎት? እናቴስ እንዴት ናት? ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እዚህ ሞጣ የእግዚአብሔር ቸርነት አልተለየንም። የናንተ ናፍቆት ብቻ ነው የሚያንገላታን።

አባባ፣ ዛሬ የምጽፍልዎን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እኔም አላምንም ነበር። የባለቤቴ የኃይለ ጊዮርጊስ አለቃ፣ የጤና ጣቢያው ሹም አቶ ዩሱፍ፣ እናታቸው ታመውባቸው ወደ ሐረር ሲሄዱ ዓሦቻቸውን በአደራ ሰጡን። ዓሣ ስልዎ ለወጥ አይደለም! በመስታወት ሣጥን ውኃ ተሞልቶላቸው ጠረጴዛ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ገሚሶቹ ወርቃማ፣ ጅራታቸው እንደ ረጅም ቀሚስ የሚጎተት፤ ገሚሶቹ ጥቁር መስመር ያለባቸው ትናንሽ ቀልጣፎች። የመጡ ዕለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። በሕይወት ያለ ዓሣ በዚህን ያህል ቅርበት መቼ አይቼ አውቃለሁ!

ታዲያ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የወርቃማዎቹ ጅራት ይሸራረፍ ጀመር። በጎናቸው ያለው ስስ መቅዘፊያም እንደዚያው። አንደኛዋማ መዋኘት አቅቷት ጥግ ይዛ ቀረች። ኃይለ ጊዮርጊስ እህል አልወርድ አለው። «አደራ በላ ልባል ነው፤ ሰውዬውን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ይላል ነጋ ጠባ። እኔ እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ስለሚያያቸው ዓይን በላቸው ብዬ ነበር።

እሱ ግን ቁስል አጣቢ ድሬሰር አይደል፣ አጎንብሶ መረመራቸው። ቁስል ሲመረቅዝ ዳሩ እንደሚነጣና እንደ አሮጌ ነጠላ እንደሚነትብ፣ ይህ ግን በአፍ የተገመጠ መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎ የማን ጅራት እንዳልተነካ እንዳይ አዘዘኝ። ባይ ጊዜ፣ ባለመስመሮቹ ጭረት እንኳ የለባቸውም! ወይ ጉድ! ግን እስከ ዛሬ ተስማምተው ኖረው አሁን ምን ነካቸው?

እኔ ሳስተምር ስለምውል ጧት ምግባቸውን የሚሰጡት አማቴ እማማ አመተ ሥላሴ ናቸው። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ቤት ዋልኩ። ረፋዱ ላይ ባለመስመሮቹ ወርቃማዎቹን ከበው መግመጥ ጀመሩ። የምግቡ ቆርቆሮ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አማቴን ብጠይቃቸው፣ በዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ሳይወጣ እንደማያቀምሷቸው ዓይናቸውን ሳያሹ ነገሩኝ። «በነነዌ ከብቱ ሳይቀር ጾሟል፤ እነዚህ ከከብት ይበልጣሉ?» አሉኝ። አባባ፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ደግነቱ የነፍስ አባታቸው አባ ሣህለ ማርያም ብቅ አሉ። የነነዌ ከብት የጾመው ሦስት ቀን መሆኑን፣ እሳቸው ግን ሁዳዴን በሙሉ እንደጫኑባቸው ነግረው ገሠጿቸው። አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓሦቹ ጧትና ማታ ይበላሉ። ባለመስመሮቹንም ለብቻ በባልዲ አድርገን ለየናቸው።

አባባ፣ ነፍሴ የራደችው እዚህ ላይ ነው። ከተገመጠው ጅራት ዳር እንደ ሻሽ የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ብቅ አለ። እያደር ረዘመ። መጀመሪያ ቀለም አልነበረውም፤ በኋላ ወርቁ ገባበት። ጥግ ይዛ የነበረችው ዛሬ ከጫፍ ጫፍ ትመላለሳለች። የሰው ጣት ቢቆረጥ ቀረ ነው፤ ይህችን ለምታህል ፍጥረት ግን ይህ ተሰጣት! አቤት የእግዚአብሔር ሥራ! ስንት ቁስል ያጠበው ኃይለ ጊዮርጊስ እንኳ እንባ አቀረረ። አቶ ዩሱፍም ለፋሲካ ሲመለሱ አደራቸውን ሙሉ ያገኛሉ።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወንድሜን ገላውን፣ እህቴን በዛብሽን፣ ትንሹን ፋንታንም እንደናፈቁኝ ንገሩልኝ። ኃይለ ጊዮርጊስ እጅ ነሥቷል። አማቴም በጸሎትዎ አስቡኝ ይላሉ። ይህን ስጽፍ ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ እሳቸው ግን ከሁላችን ቀድመው ተነሥተዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ቆርቆሮውን ከፍተው ምግቡን በተኑላቸውና፣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው «ብሉ ልጆቼ፤ የናንተን እኔ እጾምላችኋለሁ» እያሏቸው ነው።

ልጅዎ ውበቴ ወልደ ኪዳን
ሞጣ፤ መጋቢት ፳፯ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.